የጎረቤቱን ጥለት የተማረ ልጅ የእናቱን ነጠላ አይረሳም

በመሀል አዲስ አበባ፣ በክረምትና በቅዳሜና እሑድ ልጆችን ሰብስበው በጨርቅ ላይ የአፍሪካን ጥለት የሚያሠሩ ሥልጠናዎች መብዛታቸውን የሚነቅፍ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ደርሶኝ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው ነገሩን በቀና ልብ እንዳነሡት፣ ለሸማኔውና ለአገር ልብስ ያላቸው አሳቢነትም የእውነት መሆኑን ከአነጋገራቸው መረዳት አያዳግትም። ይሁን እንጂ እኔ በአራት ኪሎ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ለሰባት ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ ይህንኑ ሳስተምር የቆየሁ በመሆኔ፣ ጽሑፉም ልጆቻቸውን ወደ እኛ የሚልኩ አንዳንድ ወላጆችን ስላጠራጠረ፣ ነጥብ በነጥብ መልስ መስጠት ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የጽሑፉ ፍሬ ነገር ባጭሩ ይህ ነው። አንደኛ፣ ልጆቹ የሚማሩት የጋናን፣ የማሊንና የናይጄሪያን ጥለት በመሆኑ የገዛ አገራቸውን ይረሳሉ። ሁለተኛ፣ «የአፍሪካ ጨርቅ» የሚባለው ራሱ ከሆላንድ ፋብሪካ የወጣ ስለሆነ ትምህርቱ ከሥሩ ሐሰት ነው። ሦስተኛ፣ ድንች ቀርጾ ጨርቅ ላይ ማተም ጨዋታ እንጂ ዕውቀት ስላልሆነ ሰዓቱ ለሒሳብ ቢውል ይሻላል። አራተኛ፣ መስቀልንና ሌሎች የተከበሩ ምልክቶችን በትራስ ልብስና በቦርሳ ላይ ማተም ድፍረት ነው። አምስተኛ፣ ቁሳቁሱ ውድ በመሆኑ ነገሩ የሀብታም ልጆች መዝናኛ ነው። በመጨረሻም፣ ሸማኔው ራሱ ከውጭ በሚገባ የታተመ ጨርቅ ከገበያ እየተገፋ ባለበት ዘመን ልጅን ጥለት ማስተማር እንጀራ የማይወጣው ሙያ ማስያዝ ነው ይላሉ፤ ስለዚህም ልጆቹ በዓመት አንድ ጊዜ ሙዚየም ሄደው የድሮ ልብስ ቢያዩ ይበቃል ባይ ናቸው።

የመጀመሪያው ክስ ከሁሉም ይከብደኛል፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው። ክሱ የተመሠረተው የልጅ ልብ አንዱ ሲገባ ሌላው የሚወጣበት ጠባብ ዕቃ ነው በሚል ግምት ላይ ይመስለኛል። እኔ ያየሁት የዚህን ተቃራኒ ነው። በጋና፣ ከኩማሲ ከተማ ብዙም በማይርቅ ንቶንሶ በሚባል ሥፍራ፣ የአሳንቴ ሕዝብ አዲንክራ የሚለውን ጨርቅ ሲያትም ማኅተሙን የሚቀርጸው ከቅል ስባሪ ነው፤ ቀለሙንም የሚያወጣው የዛፍ ልጥ ቀቅሎ ዝፍት እስኪመስል ድረስ በማወፈር ነው። እያንዳንዱ ምልክት ስምና ትርጉም አለው። አንገቷን ወደ ኋላ ያዞረችው ወፍ ሳንኮፋ ትባላለች፤ ተመልሶ የረሱትን ማንሳት ነውር አይደለም ማለት ነው። ይህን ያስተማርኩ ቀን አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ የቀረጸችውን ድንች እንደያዘች ቀና ብላ፣ «የእኛዎቹስ ስማቸው ማነው?» አለችኝ። የምትጠይቀኝ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እናቷ ስለለበሱት ነጠላ ጥለት ነበር።

በቂ መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ለሚቀጥለው ቅዳሜ እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ ነጠላ ወይም ኩታ አስፈቅዶ እንዲያመጣ፣ ስለ ጥለቱም እናቱን ወይም አያቱን ጠይቆ እንዲመጣ የቤት ሥራ ሰጠሁ። ልብሶቹ በፌስታል ተጠቅልለው መጡ። አንዳንዱ ጥለት ስም ነበረው፤ አንዳንዱ «የሠርጌ ነጠላ»፣ «ጋሼ ከውጭ ሲመለሱ የተሸመነ» ከመባል በቀር ስም አልነበረውም፤ ነገር ግን ከእያንዳንዱ ጋር አንድ ታሪክ አብሮ መጥቶ ነበር። ልጆቹ ክሩን በጣታቸው እየቆጠሩ ጥለቱን ባለ ካሬ ደብተር ላይ አሰፈሩት። የሚገርመው፣ አዲንክራ በቀድሞው ልማድ የቀብርና የስንብት ልብስ መሆኑን ነግሬያቸው ስለነበር፣ አንዱ ልጅ አያቱ ለቅሶ ሲሄዱ ነጠላውን ገልብጠው ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ ትከሻቸው እንደሚያደርጉት በራሱ አስታውሶ ተናገረ። ልጁ ይህን በየጊዜው ሲያየው ኖሯል፤ ልብስ ሊናገር እንደሚችል ያስተዋለው ግን የሌላውን ሕዝብ ልብስ ካወቀ በኋላ ነው። የገዛ ቤታችንን ነገር ብዙ ጊዜ የምናየው ከጎረቤት ስንመለስ መሆኑን ጸሐፊውም ከሕይወታቸው የሚያውቁት ይመስለኛል።

ከእኛ ክፍል ተነሥቶ በቤተ መንግሥቱ በኩል ቁልቁል ለወረደ ሰው ደግሞ የአፍሪካ አዳራሽ ሩቅ አይደለም። አዳራሹ በ1953 ዓ.ም. ሲመረቅ ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በባለቀለም መስታወት የሠሩት፣ 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሥራ፣ የአህጉሪቱን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል ያሳያል። በአንደኛው ክፍል ችቦ የያዘ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ከፊት ቆሟል፤ ከኋላው ደግሞ የየአገራቸውን ልብስ የለበሱ አፍሪካውያን ይታያሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1955 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚያው አዳራሽ ተመሠረተ። የአፍሪካ መዲና ናት እያልን የምንኮራባትን ከተማ ልጆች ከኋላ የቆሙት ሰዎች የለበሱት ምን እንደሚባልና እንዴት እንደሚሠራ ማስተማር ከኢትዮጵያዊነታቸው ምን እንደሚቀንስ ሊገባኝ አልቻለም።

ሆኖም በዚህ ነጥብ ላይ ጸሐፊው አንድ እውነት ይዘዋል፤ ያንን ሳልቀበል ማለፍ አግባብ አይሆንም። «የአፍሪካ ጥለት» የሚባል አንድ ነገር የለም። በአንዳንድ ሥልጠናዎች ቀጭኔና ጀምበር የታተመበት ወረቀት ለልጆች ታድሎ ቀለም እንዲቀቡት ይደረጋል፤ ይህ ማንንም አያስተምርም። በእኛ ክፍል ያለው ደንብ ቀላል ነው፦ የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣና በምን እንደሚሠራ ሳይነገር አንድም ጥለት ጨርቅ ላይ አይወርድም። ጸሐፊው ክሳቸውን በዚህ ዓይነት የግብር ይውጣ ሥልጠና ላይ ብቻ ቢያነሡት ኖሮ ከጎናቸው እቆም ነበር።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስናልፍ፣ የሆላንዱ ጉዳይ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1846 በሆላንዷ ሔልሞንድ ከተማ የተመሠረተው ቭሊስኮ የተባለው ፋብሪካና መሰሎቹ በኢንዶኔዥያዋ የጃቫ ደሴት የሚታወቀውን፣ ጨርቁን በሰም እየሸፈኑ የማቅለም ጥበብ በማሽን አስመስለው ሠሩ፤ ጨርቁ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም በዛሬዋ ጋና ጠረፍ ገበያ አገኘና ከዚያ ወደ መላው ምዕራብ አፍሪካ ተስፋፋ። ነገር ግን የታሪኩ ግማሽ ብቻ ተነግሮ ሲቀር ፍርዱ ይዛባል። ጨርቁን የአፍሪካ ያደረጉት ገዢዎቹ ናቸው። ሰሙ ሲሰነጠቅ በጨርቁ ላይ የሚቀረውን ቀጭን የቀለም ሥር እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ውበት የወደዱት እነሱ ናቸው፤ በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ «ናና ቤንዝ» በመባል የታወቁት ነጋዴ ሴቶችም ለእያንዳንዱ ንድፍ ስም እያወጡ በመሸጥ ከነጋዴነት አልፈው የትርጉሙ ባለቤቶች ሆነዋል። ይህን ለልጆች ሳስተምር እንደ ሐሰት ደብቄው አላልፍም፤ ጥለት ከአገር አገር እንዴት እንደሚጓዝ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌም የለኝም።

በሌላ በኩል የአፍሪካ ጥለት በፋብሪካ ጨርቅ አልተጀመረም፤ በፋብሪካ ጨርቅም አያልቅም። በማሊ የባማና ሴቶች የሚሠሩት ቦጎላንፊኒ ጨርቁን አስቀድሞ በቅጠል ጭማቂ ነክሮ ቢጫ በማድረግ ይጀመራል፤ ከዚያም ብረትነት ያለው፣ ተጠራቅሞ የቆየ ጭቃ ይቀባል፤ የጭቃው ብረት ከቅጠሉ ጭማቂ ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል። ሴቲቱ ጭቃውን የምትቀባው ግን ጥለቱ ላይ ሳይሆን በጥለቱ ዙሪያ ባለው ባዶ ሥፍራ ላይ ነው፤ ጥለቱ ሳይነካ የቀረው ነው። በናይጄሪያ አቤኦኩታ የዮሩባ ሴቶች የካሳቫ ዱቄት አብስለው በላባ ጨርቁ ላይ ይሥላሉ፤ ጨርቁ ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ሲነከር ሙጫው የሸፈነው ቦታ ሳይቀለም ይቀራል። እኛ በካሳቫው ምትክ ቡላ አብስለን ሞክረን ነበር። በመጀመሪያው ቀን ቀጥኖብን ፈሰሰ፤ በሁለተኛው ወፍራም ሆኖ ሲደርቅ ተሰነጣጠቀና ቀለሙ በስንጥቁ ገባ፤ በሦስተኛው ግን በአንድ የዶሮ ላባ የተሣለው ጥለት ከቡናው ቀለም ውስጥ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ልጆቹ ያሰሙት ድምፅ እስከ ደረጃው ድረስ ተሰምቷል። የእንሰት ዱቄት የአቤኦኩታን እናቶች ሥራ ሲሠራ ማየት ሐሰት የሚባል ከሆነ ሐሰት የሚለው ቃል ትርጉሙ ጠፍቶብኛል።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ማለትም ይህ ጨዋታ እንጂ ዕውቀት አይደለም የሚለው፣ እውነቱን ለመናገር አሳዝኖኛል። ልጅ በድንች ላይ የስሙን መጀመሪያ ፊደል ቀርጾ ሲያትም ፊደሉ ተገልብጦ ይወጣል፤ መስታወት ፊት እንደቆመ ጽሑፍ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ያየዋል። ሁለተኛው ድንች ላይ ራሱ ገልብጦ ይቀርጸዋል። ይህ በሰሌዳ ላይ በሁለት ክፍለ ጊዜ የማይጨበጥ ትምህርት ነው።

አንድ ነገር በቅርብ ላሳይ። አምና አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ለረከቦት የሚሆን አራት ማዕዘን ጨርቅ፣ ጎኑ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ በዙሪያው ጥለት ልታትምበት ተነሣች። ማኅተሟ ወርዱ 7፣ ቁመቱ 9 ሳንቲ ሜትር ነበር። ከጥግ ጀምራ ስታትም ስምንት ጊዜ አተመችና 4 ሳንቲ ሜትር ተረፋት፤ ዘጠነኛው አይገባም። ግማሹን ብታትመው ጥለቱ ይቆረጣል፤ ብትጨምቀው ይደራረባል። ጥግ ላይ ስትዞር ደግሞ ያጋደለው ቅርጽ ተጋጭቶ ይሰበራል። ጨርቁን ትታ ወረቀት ላይ ያተመችውን እየቆረጠች መደርደር ጀመረች። እኔ ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት በዚህ ሥራ ውስጥ ከባዱ ክፍል ነው። ከሰዓት በላይ ከቆየች በኋላ አራቱ ጥጎች ላይ የራሳቸው የሆነ ሌላ ቅርጽ ቢቀመጥ፣ የጥጉም ስፋት ከጥለቱ ቁመት ጋር እኩል 9 በ9 ቢሆን፣ ከሁለት ወገን 18 ተነሥቶለት 42 እንደሚቀር፣ 42 ደግሞ ለ7 ሲካፈል ያለ ትርፍ 6 እንደሚሆን አገኘችው። የማባዛት ሰንጠረዡን ከዚያ በፊትም ታውቀው ነበር፤ ለምን እንደሚያገለግል ግን ያን ቀን በእጇ ያዘችው።

ከዚህ በላይ ለሚሄድም መንገዱ ክፍት ነው። በአንድ መስመር የሚደጋገም ጥለት ሊከተለው የሚችለው የመደጋገም ሥርዓት 7 ብቻ፣ በሁለት አቅጣጫ የሚዘረጋ ከሆነ ደግሞ 17 ብቻ መሆኑ በሒሳብ የተረጋገጠ ነው። ሞዛምቢክ ውስጥ ሲያስተምሩ የኖሩት የሒሳብ ሊቅ ፓውሉስ ኸርደስ ዕድሜያቸውን ያዋሉት በአፍሪካ ሽመናና በቅርጫት ሥራ ውስጥ ያለውን ጂኦሜትሪ አውጥቶ ለማስተማሪያነት በማዋል ነበር። የእኛም ልጆች መሶብ ከመሐሉ ተነሥቶ እየዞረ ሲሰፋ ቀለሙ በየስንት ስፌቱ እንደሚለወጥ ሲቆጥሩ፣ በብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ ያለውን ሐረግ ሲከተሉ፣ አንዱ መስመር ከሌላው በላይና በታች በየተራ እያለፈ መልሶ ራሱ ላይ መቋጠሩን ሲያገኙ የሚያደርጉት ይኸንኑ ነው። በሰዋስው ትምህርት ሐረግ የምንለውና በብራናው ላይ የተሣለው በአንድ ስም መጠራታቸውን ስነግራቸው ደስ ይላቸዋል፤ ሁለቱም ተቀጣጥሎ የሚሄድን ነገር ነው የሚሉት።

አንድ ቀን ከተማሪዎቻችን የአንዱ አባት፣ ከጨንቻ መጥተው ሽሮ ሜዳ የሚሸምኑ ባለሙያ፣ ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው ገቡ። ጠረጴዛው ላይ ከተዘረጋው የካሬ ወረቀት አንዱን አንሥተው ለአፍታ አዩትና፣ «እዚህ ላይ አንዲት ክር ጎድላለች» ብለው ጣታቸውን አኖሩበት። ቆጠርነው፤ ጎድላ ነበር። እሳቸው በወረቀት ነድፈው አያውቁም፤ ጥለቱን የሚይዙት በጭንቅላታቸው፣ ድሩን የሚቆጥሩት በጣታቸው ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጠው መወርወሪያውን ሲያሻግሩ ስንተኛው ማግ ላይ ቀለሙ እንደሚለወጥ እጃቸው ያውቃል። ይህንን ዕውቀት አይደለም ማለት የሚቻለው ከቶ በምን ሚዛን ነው?

ይህ ጥያቄ ከኋላው የቆየ ቁስል አለው። ሸማኔውን፣ አንጥረኛውን፣ ሸክላ ሠሪዋን በሙያቸው ስንሰድብ የኖርን ሕዝብ ነን፤ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ ማስነገር ያስፈለጋቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ስድቡ ከአፋችን ቢቀንስም ከልባችን ሙሉ በሙሉ አልወጣም፤ ዛሬ መልኩን ለውጦ «የእጅ ሥራ ለሰነፍ ተማሪ ነው» ይላል። በልጅነቴ የደብተሬን ሽፋን ከነጠላ ላይ ባየሁት ጥለት ሞልቼው አስተማሪዬ ክፍሉ ፊት ቀድደው ጣሉት። ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ የእሳቸውም አስተማሪ እንዲሁ ያደርጉ እንደነበር እገምታለሁ። አሁን በመጀመሪያ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ የክወናና የዕይታ ጥበባት ራሱን ችሎ መግባቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ክፍለ ጊዜው ለሌላ ትምህርት ማካካሻ ሆኖ እንዳይቀር ግን ወላጆች ሊጠብቁት ይገባል። ጸሐፊው ሰዓቱ ለሒሳብ ይሰጥ ሲሉ ሳያስቡት ያንን የደብተር ሽፋን እንደገና ቀደዱብኝ።

በአራተኛው ነጥብ ላይ ብዙ አንለያይም። መስቀል ተረግጦ በሚኬድበት ምንጣፍ ላይ፣ የቅዱሳት መጻሕፍት ቃልም በወገብ ቦርሳ ላይ እንዲታተም እኔም አልፈቅድም። ልዩነታችን መፍትሔው ላይ ነው፤ ጸሐፊው ይከልከል ይላሉ፣ እኔ ይጠየቅ እላለሁ። ልጁ አንድ ምልክት ሲመርጥ ምልክቱ ያለው ማን ዘንድ እንደሆነ፣ የት ቦታ ላይ እንደሚውልና የት እንደማይውል ጠይቆ ይመጣል። የጎንደር ልጅ አያቱን፣ የሐረር ልጅ በአክስቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ስፌት የሠራችውን ሴት ይጠይቃል። ጋና እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው የቅጂ መብት ሕግ እንዲህ ያለውን የሕዝብ ጥበብ በሕግ ጥላ ሥር አስገብታዋለች፤ ስለዚህ ልጆቻችን የአዲንክራን ምልክት ለመማር ይሠሩታል እንጂ የእኔ ፈጠራ ነው ብለው አይሸጡትም። አክብሮት የሚለመደው በዚህ ዓይነት ጥያቄ ነው፤ ጨርሶ ያልተነካ ነገር የሚከበር ሳይሆን የሚረሳ መሆኑን ደጋግሜ አይቻለሁ።

የወጪውን ጉዳይ በአጭሩ ልለፈው፤ የተባለውን ያህል አይደለምና። የምንሠራበት ጨርቅ አቡጀዲ ነው፤ አስቀድሞ በሳሙና ታጥቦ ሙጫው እንዲለቅ ይደረጋል። ማኅተሙ ድንች፣ ካሮት፣ የተቆረጠ የፍራሽ ስፖንጅ፣ አንዳንዴም ከገጠር የመጣ የቅል ስባሪ ነው። ቀለሙ ከቡና፣ ከእርድና ከእንሶስላ ይወጣል፤ የሚገዛው ቀለም ያስፈለገ እንደሆነ ጥቂቱ ለብዙ ልጅ ይደርሳል፤ ሲደርቅም በካውያ ይተኮሳል። ከጠረጴዛችን ዙሪያ የጥበቃ ሠራተኛ ልጅም፣ የሐኪም ልጅም አሉ። ውድ የሆነው ታጋሽ አስተማሪ ማግኘቱ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ላይ የጸሐፊው ሥጋት ትክክል፣ መደምደሚያው ግን ስሕተት ነው። የጥበብን መልክ ብቻ ወስዶ በፋብሪካ የታተመ ጨርቅ ከመርካቶ እስከ ሽሮ ሜዳ ሞልቷል፤ ሸማኔው ቀናት የፈጀበትን ልብስ በዚያ ዋጋ ሊሸጥ አይችልም። ነገር ግን ይህ ጨርቅ የሚሸጠው ለማን ነው? አንዱ ገዢ አቅሙ ስላልፈቀደለት ዐውቆ ይገዛል፤ በዚያ ላይ አልፈርድም። ሌላው ግን ለይቶ ስለማያውቅ፣ የታተመውን የተሸመነ መስሎት ይገዛል። ይህን ሁለተኛውን ገዢ ማን ያስተምረዋል?

እኛ ዘንድ አንድ የምንሠራው ልምምድ አለ። ሦስት ቁራጭ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ፊታቸው ወደ ታች ተደፍቶ ይቀመጣል፤ ልጆቹ ጀርባቸውን ብቻ አይተው በምን እንደተሠሩ ይናገራሉ። የታተመው ጨርቅ ጀርባው የደበዘዘ፣ ቀለሙ ከላይ ተንሳፍፎ የቀረ ነው። በእጅ የተሸመነው ጥለት ክሩ ራሱ ባለቀለም ሆኖ ከማጉ ጋር ስለገባ ጀርባውም ላይ ቀለሙ አልደከመም፤ በአንዳንዱም ሸማኔው ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው ክሩን ያሻገረበት መንገድ ይታያል። ሦስተኛው፣ በሰም ወይም በሙጫ ተሸፍኖ የተነከረው፣ ከሁለቱም ወገን እኩል ስለሚታይ ልጆቹን መጀመሪያ ላይ ያሳስታቸዋል፤ ኋላ ግን ጠርዙን አይተው ይለዩታል። አንዲት እናት ልጃቸው ሱቅ ውስጥ ቀሚስ ሲገዙ ጠርዙን ገልብጣ አይታ «እማዬ፣ ይኼ የታተመ ነው» እንዳለቻቸው ነግረውኛል። ባለሱቁ ደስ አላለውም ይሆናል፤ ሽሮ ሜዳ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ግን ከዚህች ልጅ የተሻለ ጠበቃ የለውም።

ለእንጀራ ነው ወይ ለሚለው፣ የአሥር ዓመት ልጅ የምናስተምረው እንጀራውን ዛሬ እንዲጋግር አይደለም። ቋንቋ ስናስተምረው ደራሲ ይሁን ብለን እንዳልሆነ ሁሉ፣ ጥለት ስናስተምረው ሁሉም ንድፍ ሠሪ ይሁን ማለታችን አይደለም። መንገዱን መቀጠል ለሚፈልግ ግን በር አለ፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ቴክኖሎጂ ተቋም ይህንኑ በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል፤ የአገር ልብስ ዲዛይነሮችም በየጊዜው አዲስ ጥለት ለሸማኔ ይሰጣሉ። ጥሩ ጥለት መንደፍ የሚችልና ድርና ማግን የሚያውቅ ሰው ለሸማኔው ተፎካካሪ ሳይሆን ሥራ አምጪ ነው።

ስለ ሙዚየሙም አንድ ነገር ልናገር። ጸሐፊው ልጆቹ ሄደው ይዩ ማለታቸውን እደግፋለሁ፤ እኛም በየዓመቱ ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም እንሄዳለን። አምና ከእኛ ጋር በዚያው ሰዓት የገቡ ሌሎች ልጆች ነበሩ፤ አለባበሱን አይተው፣ ፎቶ ተነሥተው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወደ ቀጣዩ ክፍል አለፉ። የእኛዎቹ ግን አንድ አሮጌ ኩታ ፊት ቆመው ቀሩ። አንዱ ልጅ በግራ በኩል ያለው ጥለት ከቀኙ በአንድ ረድፍ እንደሚበልጥ ቆጥሮ ሌሎቹን ጠራ፤ ሸማኔው ተሳስቶ ነው ወይስ ክር አልቆበት እያሉ ተከራከሩ። ከዚያ ያው ልጅ አስጎብኚዋን፣ «እትዬ፣ ጀርባውን ማየት ይቻላል?» ብሎ ጠየቀ። እሳቸውም በትሕትና ልብሱ እንዳይጎዳ መነካት እንደሌለበት አስረዱት። ልጁ እሺ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ባለ ካሬ ደብተሩን ከቦርሳው አወጣና ከፊት ያየውን እየቆጠረ፣ ክሩ ከኋላ በየት በኩል ሊያልፍ እንደሚችል እያሰበ፣ የኩታውን ጀርባ መሣል ጀመረ።